አውቶሶል፦ ለማርሚታ አፍ መወልወያ ገዝቼ ያልተቆጨሁበት ቱቦ

የሰርግ መኪና አከራያለሁ። ሰው አበባውንና ሪባኑን ያያል፤ እኔ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ አያለሁ። ቪዲዮ ቀራጩ የመንገዱን ግማሽ ከኋላ ሆኖ ነው የሚከተለን። ሙሽራዋ ስትወርድ ደግሞ የቬሎዋ ጫፍ እየተጎተተ በኋላ ፓራውልት ጥግ ያልፋል። ነጭ ቬሎ ላይ ጥቀርሻ ካረፈ ሚዜዎቹ አያስወጡህም።

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1993 ሞዴል ነጭ መርሴዲስ ናት። ሶማሌ ተራ ገዝቼ ያስገጠምኩላት ድርብ የስቴንለስ ጫፍ አላት። በጥር እረፍት የላትም፤ አጀቡ ሲጓዝ በመጀመሪያ ማርሽ እየተንፏቀቀች፣ ፎቶ ሲነሱ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማ ትውላለች። ማርሚታ በደንብ ሳይግል ሲቀር ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ከጥቀርሻው ጋር ይለወስና አፉ ላይ ይጋገራል። የጎረቤቴ ካርቡሬተር ያላት ቶዮታ ዲኤክስ ከኔም ትብሳለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለዚህ ከፍታ ያልተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ የተረፈው ጥቁር ሆኖ በማርሚታ ይወጣል።

ድሮ ይህን ሥራ ለላቫጆ ነበር የምተወው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ መኪናውን አጥበው ሲጨርሱ ሌላ ያስመስሉታል። ማርሚታው ላይ ሲደርሱ ግን የብዙዎቹ መላ ከሁለት አያልፍም፦ ወይ ናፍጣ የነከረ ጨርቅ፣ ወይ በረኪና። ናፍጣው ለጊዜው ያብረቀርቃል። «ጋሼ፣ አበራሁልዎት እኮ!» ሲልህ እውነት ይመስላል፤ አንድ አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ካለፍክ በኋላ ግን አቧራው ቅባቱ ላይ ተለጥፎ ከበፊቱ ብሶ ታገኘዋለህ። በረኪናው የከፋ ነው። ውስጡ ያለው ክሎሪን ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ይበሳል፤ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ፣ እነሱን ደግሞ ምንም ዓይነት ቅባት አይመልሳቸውም። ስለዚህ መኪናዬን አሁንም ላቫጆ አሳጥባለሁ፣ ማርሚታው ጋ ስንደርስ ግን «እሱን ተወው» እላለሁ።

ወደ ቱቦው ልመለስ። አውቶሶል ዞሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ የሚመረት የብረት መወልወያ ነው። የኔው ባለ 75 ሚሊ ሊትር ነው፤ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ይመስላል። ክዳኑን ስትከፍተው የአሞኒያ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ደጅ ሆኖ መሥራት ነው። ሲነኩት ልስልስ ያለ ነው፤ በጣትህ መሃል ስታሸው ግን እንደ ደቀቀ አሸዋ ያለ ነገር ይሰማሃል። ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው፤ ብረቱን በጣም በስሱ እየፋቀ ያለሰልሰዋል። የሸጠልኝ ልጅ «ጋሼ፣ ለመስኮት፣ ለወርቅ፣ ለሁሉም ይሆናል» ብሎኛል። ወርቁን አልሞከርኩትም፣ ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

ዋጋው ከአንድ ሙሉ እጥበት ይበልጣል። ግን አንዱ ቱቦ ከሰርግ ወቅት ሰርግ ወቅት አድርሶኛል፤ በአንዴ የሚያስፈልገው የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ናትና። አብዝቶ የሚቀባ ሰው በከንቱ ነው የሚለፋው።

ቱቦው ብቻውን ተአምር አይሠራም። የተጋገረ ጥቀርሻ ላይ በቀጥታ ከቀባኸው ጥቁር ጭቃ ነው የሚሆንልህ። ጥልቅ ጽዳቱን የማደርገው በሁዳዴ ነው፤ ሰርግ የለም፣ መኪናዋ ቆማለች፣ ጊዜ አለ። ማርሚታው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በላርጎ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዤ፣ ከውጭም ከውስጥም ጣቴ እስከሚደርስበት ድረስ አሻለሁ። ከዚያ ፓራውልቱን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ፤ እጅ ሲያመልጥ የሚጫረው ቀለሙ ነው። ቀጥሎ አራት ዜሮ የሚባለው በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ ይመጣል። ለማለስለሻ ደብሊው ዲ 40 ጠብ አደርግበትና ሳልጫን በክብ በክብ አሻለሁ። የወጥ ቤቱን የድስት ሽቦ እንዳትነኩት፤ እሱ የሚተወውን ጭረት አውቶሶል አያጠፋውም። የብረት ሱፉ ብናኝም እዚያው ከቀረ ራሱ ዝጎ ቡናማ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ስለዚህ አጥቤ በደንብ አደርቀዋለሁ።

የአውቶሶል ተራ የሚደርሰው ይሄኔ ነው። አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ያችን ሽምብራ ቀብቼ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ብቻ እሠራለሁ። ትንሽ እንዳሸሁ ጨርቁ ጥቁር ይሆናል። ጥቁረቱ ቆሻሻ ብቻ አይደለም፣ የተፋቀው የብረቱ የላይኛው ቆዳም አለበት፤ ስለዚህ «ጥቁር መልቀቁ እስኪያቆም» ብላችሁ አትሹ፣ አያቆምም። መጀመሪያ ወርቃማው፣ ቀጥሎ ሰማያዊው የሙቀት ቀለም ይሳሳል፤ ከሥሩ ብርማው ብረት ይወጣል። ቅባቱ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ስጠርገው የሰሌዳዬ ቁጥር ተገልብጦ ይታየኛል። እዚህ ላይ ቱቦው የተባለውን ሁሉ ያደርጋል፤ ያለ ማጋነን ነው የምላችሁ።

ሰማያዊውን ቀለም የሚወዱት አሉ፣ በተለይ ወጣቶቹ። እነሱ ባይነኩት ይሻላል፤ እኔ ለሙሽራ መኪና አልወደውም።

ክሮም ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽፋኑ ስስ ነው፤ ደጋግመህ ካሸኸው ያልቅና የሥሩ ብረት ይዝጋል። ለመለየት ማግኔት አስጠጉበት። ካልያዘው ስቴንለስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከያዘው ክሮም የተነከረ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት የሚይዝ ስቴንለስም ስላለ ግን እሱ ብቻውን አይፈርድም።

ውበቱ ስንት ይቆያል ለምትሉ፣ በክረምት ጭቃና ዝናብ ቶሎ ይደበዝዛል፣ በበጋ ይሻላል። ላዩ ላይ ተራ የመኪና ሰም ሞክሬ ነበር፣ ሙቀቱ ስለሚያቀልጠው ብዙም አልጠቀመኝም። የሚያዋጣው ከየሥራው ማግስት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው፤ እንደገና ወደ ብረት ሱፉ አያስመልስም።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ደላላ ማርሚታውን መስተዋት አስመስሎ ካቀረበላችሁ ጣታችሁን ወደ ውስጥ ስደዱ። መወልወያ የሚደርሰው አፉ ድረስ ነው። ውስጡ ደረቅና ግራጫ ከሆነ ደህና ነው፤ ጣት ላይ የሚጣበቅ፣ ዘይት ዘይት የሚል ጥቁር ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል ማለት ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ስለ ዋጋው እንደገና አውሩ።

ማርሚታችሁ ጫፉ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ይህን ቱቦ አትግዙት፣ ቀለሙን ነው የሚያነሳው። ለእናንተ ላርጎና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃችኋል።