የሜህራን ነጥብ በባሕር ዳር ሪፈር ወረቀት ላይ፦ ኩላሊትን ከኮንትራስት ለመጠበቅ ምን ያህል ያግዛል?

ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ሊገባለት ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ታካሚ ሪፈር ሲጻፍለት የሁሉም ሐሳብ ልቡ ላይ ነው። ኮንትራስቱ፣ ማለትም የደም ሥሩ በራጅ እንዲታይ የሚረጨው ፈሳሽ፣ ሊጎዳው የሚችለው ኩላሊቱ ግን የሚታወሰው ከተመለሰ በኋላ ሽንቱ ሲቀንስ ነው። ይህን አስቀድሞ ለመገመት ካሉት መሣሪያዎች ቀላሉ የሜህራን ነጥብ ነው። ሮክሳና ሜህራንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ሲሆን የልብ ደም ሥራቸው በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) በተከፈተላቸው 8,357 ሰዎች መረጃ ላይ የተሠራ ነው። ስምንት ነገር ብቻ ይጠይቃል፣ ነጻ ነው፤ ኔትወርክ በጠፋበት ተረኛ ሌሊትም በእስክሪብቶ ይደመራል።

አደማመሩ ይህ ነው። ደም ግፊት ወድቆ በመድኃኒት መደገፍ ካስፈለገ 5፣ አኦርታ ውስጥ የልብ አጋዥ ፊኛ ከገባ 5፣ ከባድ የልብ ድካም ካለ 5፣ ዕድሜ ከ75 ካለፈ 4፣ ደም ማነስ 3፣ ስኳር 3፣ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ኮንትራስት 1። ለኩላሊት ሁለት መንገድ አለ፦ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ከ1.5 ከበለጠ 4 መስጠት፣ አለዚያ በጂኤፍአር (ኩላሊት በደቂቃ በሚያጣራው መጠን፣ በሚሊ ሊትር) መሄድ፤ ከ40 እስከ 60 ለሆነ 2፣ ከ20 እስከ 40 ለሆነ 4፣ ከ20 በታች 6። ድምሩ እስከ 5 ከሆነ የኩላሊት ጉዳት ዕድሉ 7.5 በመቶ፣ ከ6 እስከ 10 ላለው 14፣ ከ11 እስከ 15 ላለው 26.1፣ 16ና ከዚያ በላይ ላለው 57.3 በመቶ ነው። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የሚያስፈልገው ግን በዝቅተኛው ቡድን 0.04፣ በከፍተኛው 12.6 በመቶው ብቻ ነው። ለታካሚው ሲነገር ሁለቱም ቁጥር አብሮ ይነገር፤ ምክንያቱም እዚህ «ጉዳት» የተባለው ክሬቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ25 በመቶ ወይም በ0.5 መጨመሩ ነው። ከ0.8 ወደ 1.0 መውጣትም ይቆጠራል። «57 በመቶ» ብቻ የሰማ ቤተሰብ ሕክምናውን ትቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ከሁለቱ የኩላሊት መንገዶች የክሬቲኒኑን እንዳትመርጡ አጥብቀን እንመክራለን። የ76 ዓመት ስኳር ያለባቸው እናት፣ ክሬቲኒን 1.3፣ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋስ ድርሻ በመቶ) 37፣ የታሰበው ኮንትራስት 200 ሚሊ ሊትር ይሁን። በክሬቲኒን መንገድ ኩላሊታቸው ዜሮ ያገኛል፤ ድምሩ 4 ሲደመር 3 ሲደመር 2፣ ማለትም 9፣ 14 በመቶ ይሆናል። ጂኤፍአራቸው ሲሰላ ግን 43 ገደማ ነው፤ 2 ይጨመራል፣ 11 ይሞላል፣ ግምቱም ወደ 26.1 ይዘላል። ጡንቻቸው የሳሳ አዛውንት ክሬቲኒን ደህና መስሎ የሚያታልለው እንዲህ ነው። ላብራቶሪው በማይክሮሞል ከጻፈ ደግሞ መጀመሪያ ለ88.4 አካፍሉ።

የእኚሁ እናት ሄማቶክሪት ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ነጥቡ ደም ማነስ የሚለው ለሴት ከ36፣ ለወንድ ከ39 በታች ሲሆን ነው። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በከፍታ የሚኖር ሰው ደሙ ወፈር ስለሚል የዓለም ጤና ድርጅትም የደም ማነስ ወሰን ከከፍታው ጋር እንዲስተካከል ይመክራል። እዚህ 37 ያላት ሴት በእርግጥ ደም አንሷት ይሆናል። ነጥቡ ይህን አያውቅም፤ ወሰኑ ላይ የቆመን ሰው 3 ጨምሮም ማስላት አይጎዳም።

ትልቁ ጉድለቱ የማይጠይቃቸው ነገሮች ናቸው። ለጉልበት ሕመም በየቀኑ የሚወሰድ፣ ኩላሊትን የሚጎዳ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የለበትም። የውኃ ጥማትም የለበትም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ የሚውል፣ ከዚያም መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣበት ብሎ ሳይጠጣ በአባይ በረሃ አቋርጦ የሚደርስ ታካሚ ካቴተሩ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ደርቆ ነው። ስለዚህ ዲክሎፌናኩ ቀደም ብሎ ይቁም፤ ለጉዞውና ለሕክምናው ቀን ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ ይነገራቸው።

ጥሩ ጎኑ ደግሞ ከስምንቱ አንዱ በሐኪም እጅ ያለ መሆኑ ነው። ኮንትራስቱ ከ200 ወደ 100 ከወረደ የእናታችን ድምር 10 ይሆናል፤ ወደ 14 በመቶው ቡድን ይመለሳሉ። በተግባር ኮንትራስቱ ከጂኤፍአሩ 3 እጥፍ እንዳይበልጥ ይያዛል፤ ለ43 ማለት 129 ሚሊ ሊትር ነው። ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) በኪሎ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር፣ 12 ሰዓት ቀድሞ ተጀምሮ 12 ሰዓት ከሕክምናው በኋላ ይቀጥላል፤ የልብ ድካም ላለበት ግማሹ። ኩላሊትን ይጠብቃሉ የሚባሉትን አሲቲልሲስቲንና ባይካርቦኔት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ መንከራተት አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ፕሪዘርቭ የተባለ ትልቅ ጥናት ከሳላይን የተሻለ ጥቅም አላገኘባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሁለተኛው እትም ከሁለቱ ስሌቶቹ አንዱ ከሕክምናው በፊት በሚታወቁ ነገሮች ብቻ ስለሚሰላ ለሪፈር ይበልጥ ይመቻል። ደም መፍሰስን ግን ሁለቱም እትሞች አይነግሩም። በሩማቲክ የልብ በሽታ ሳቢያ የልቡ ቫልቭ ተጎድቶ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም፣ ለብቻው ከፍተኛ የመድማት አደጋ ያለበት ተብሎ ይመዝገብ፤ ካቴተሩም ከተቻለ በእጅ አንጓ በኩል ይግባ።

ከ5 አራት እንሰጠዋለን። አምስተኛውን ያስቀረው 48ኛው ሰዓት ነው። ስቴንት የገባለት ሰው በማግስቱ ወጥቶ በአንድ ሰዓት በረራ ባሕር ዳር ሊገባ ይችላል፤ ክሬቲኒኑ ግን ገና መውጣት መጀመሩ ነው፣ ጫፍ የሚደርሰው ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም አያየውም፣ እዚህ ያለው ደግሞ አልቋል ብሎ ያስባል። ሪፈሩ ግርጌ ላይ ድምሩን፣ የመነሻ ክሬቲኒኑን፣ ከፍተኛውን የኮንትራስት መጠን ጻፉ፤ ከሥሩም «ክሬቲኒን በ48 ሰዓትና በ5ኛው ቀን፣ ባሕር ዳር» ብላችሁ የቀጠሮውን ቀን ሙሉበት።