የኋላ ጎማ ገፊ ፒክአፕ በጅማ ክረምት፦ የአስፋልት፣ የመካከለኛና የጭቃ ጎማ ንጽጽር

በጅማ ዙሪያ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት መኪናን ከመንገድ የሚያስቀረው ከውኃው ይልቅ ቀዩ አፈር ነው። አፈሩ ሸክላማ በመሆኑ ሲርስ ይሙለጨለጫል፣ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶም ደህናውን ጎማ ጥርስ አልባ ያደርገዋል። ፎር ባይ ፎር ያልሆነና በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚገፋ ፒክአፕ ላለው ሰው ችግሩ ይብሳል፤ ሞተሩና ጋቢናው ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚስቡት፣ ካሶኒው ባዶ ሲሆን መኪናውን የሚገፉት ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው አይጫኑትም። ቡናው ደግሞ በአብዛኛው የሚለቀመውና የሚጫነው ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ፣ መኪናው ጭነት በሚጠቅመው ወቅት ባዶውን ይጓዛል። ጎማ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ምርጫውን ከዚህ ሐቅ ቢጀምር ይሻለዋል።

በጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ ኤች/ቲ የሚል ምልክት ያለበት የአስፋልት ጎማ ጥርሱ ጥልቀት የሌለው፣ መስመሮቹም በጎማው ዙሪያ በቁመት የሚሄዱ ናቸው። ድምፅ አያሰማም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ በእርጥብ አስፋልትም ላይ በደንብ ይይዛል። ጅማ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ወይም ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚመላለስ መኪና ከዚህ የተሻለ የለም። ከአስፋልቱ ወጥቶ እርጥብ ቀይ አፈር ላይ ሲወጣ ግን መስመሮቹ ወዲያው ይደፈናሉ፤ በቀላል ዳገት ላይ እንኳ ባለበት ይሽከረከራል።

ኤም/ቲ የሚል ምልክት ያለበት የጭቃ ጎማ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥርሶቹ ግዙፍ፣ ክፍተታቸውም ሰፊ ስለሆነ ጎማው ሲሽከረከር የያዘውን ጭቃ ወደ ውጭ ይወረውራል፤ ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ችሎታው ነው። ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት ጉዳቱን ነው። መሬት የሚነካው ላስቲክ ጥቂት በመሆኑ በእርጥብ አስፋልት ላይ የፍሬን ርቀቱ ይረዝማል፣ በመታጠፊያ ላይም ቶሎ ይከዳል። በዝናብ ቀን የጊቤን ቁልቁለት በእንዲህ ያለ ጎማ የሚወርድ ሾፌር ፍጥነቱን ከወትሮው በእጅጉ መቀነስ ይኖርበታል። በተጨማሪም ጩኸቱ በረጅም መንገድ ያደክማል፣ ጥርሱም በአስፋልት ላይ ቶሎና ወጣ ገባ ሆኖ ያልቃል።

ኤ/ቲ የሚባለው መካከለኛ ጎማ ለሁለቱም መንገድ ታስቦ የተሠራ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ጠንካራ ነው፣ አስፋልት ላይም አያሳፍርም፤ በከባድ ሸክላ ጭቃ ውስጥ ግን ከጭቃው ጎማ ቀድሞ ይደፈናል። ያም ሆኖ ከጅማ ወደ አጋሮ በአስፋልት ሄደው ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ብቻ ወደ ቡና ማሳ ለሚገቡ ሰዎች አራት መካከለኛ ጎማና በጎማ ላይ የሚታሰር አንድ ጥንድ ሰንሰለት መግዛቱ ትክክለኛው ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። የጭቃ ጎማ የምመክረው ወደ ዴዶ ወይም ጌራ ገጠር ቀበሌዎች በየቀኑ ለሚወጣና አስፋልትን እምብዛም ለማይነካ መኪና ብቻ ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት የጭቃ ጎማ ከኋላ አስገብቶ የፊቱን በአስፋልት ጎማ የመተው ልማድ አለ። ይህ ከጭቃ ቢያወጣም አደገኛ ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ የፊቱ እየያዘ የኋላው ስለሚንሸራተት፣ ባዶ ፒክአፕ በመታጠፊያ ላይ ጭራውን ወደ ውጭ ይጥላል። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሁለት ብቻ መግዛት ግድ ከሆነ ያው ዓይነት ተገዝቶ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ።

ሰንሰለት የሚታሰረው በሚገፉት ማለትም በኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ከመግዛት በፊት አንድ ጊዜ አስሮ መሞከር ይገባል፦ ሰንሰለቱን ከጎማው ኋላ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ መኪናውን በዝግታ ወደ ኋላ አስነድቶ ላዩ ላይ ማውጣት፣ ጫፎቹን አንስቶ መቆለፍ፣ ጥቂት ሜትር ከነዱ በኋላ ደግሞ ወርዶ እንደገና ማጥበቅ። ከውስጥ በኩል ባሌስትራውን ወይም የፍሬን ቱቦውን የሚነካ ከሆነ መመለስ አለበት። ታስሮ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም፣ አስፋልት ላይ ሲደረስም ይፈታል። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም የሚሆን አሸዋ በጆንያ አድርጎ ከኋላ አክስሉ በላይ በደንብ ማሰርም በትንሽ ወጪ ብዙ ይረዳል፤ ጆንያው ወደ ካሶኒው ጫፍ ከተገፋ ግን የመኪናው ፊት ቀልሎ መሪው ይሰንፋል።

ሰፊ ጎማ ለጭቃ ይሻላል የሚለው አባባል ለእኛ መንገድ አይሠራም። ከሥሩ ጠንካራ መሬት ባለው ስስ ጭቃ ላይ ጠበብ ያለው ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ታች ይደርሳል፣ ሰፊው ግን ከላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በበሩ ላይ የተለጠፈውን መጠን መጠበቅ ነው፤ ለጭነት መኪና የሚሆነው ጎማ እንደ 195 አር 14 ሲ ከቁጥሩ ኋላ ሲ የሚል ፊደል አለው።

ከብርድ አገር የመጣ መኪና ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ጎማ ሊገኝ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የበረዶ ጎማ ነው፤ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ ስለተሠራ በጅማ ሙቀት በፍጥነት ይበላል። ኤም+ኤስ የሚለው ምልክት ደግሞ ጭቃና በረዶ ማለት ቢሆንም የሚመሠረተው በጥርሱ ቅርፅ ላይ ስለሆነ፣ እሱን ብቻ አይቶ የጭቃ ጎማ ነው ብሎ መግዛት አይገባም።

ጎማው ከመገጠሙ በፊት በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ይነበቡ፦ 2324 ከሆነ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በጥርሶቹ ሥር ጥፍር አስገብቶ ስንጥቅ መፈለግ ነው፤ በሱቅ ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም እዚያ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።