ቀንድ አውጣው ጥሩ ነው፤ ዛጎሉን ግን ገልብጣችሁ እዩ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ የጨው ውኃ አኳሪየም ሱቅ አለ። ከዚህ በታች የማማው ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም። ኮራሉንና ዓሣውን ሌላ ሰው ይገምግመው፤ እኔ የማወራው ስለ ቀንድ አውጣው ነው።

የምገዛው ትሮከስ የሚባለውን ነው። አልጌ በደንብ ይግጣል፣ ወድቆ ቢገለበጥ ራሱን ያቃናል። አስትሪያ የሚባለው ሌላው ቀንድ አውጣ ረከስ ይላል፤ ግን አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ እጃችሁን ከታችሁ ካላነሳችሁት ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። የዚህ ሱቅ ትሮከሶች ንቁ ናቸው፣ መስታወቱ ላይ ሙጭጭ ብለው ነው የምታገኟቸው። ሻጩም ልጅ ጨዋ ነው። «ይሄኛውን ሳይሆን ያኛውን» ብትሉት ፊቱን አያጠቁርም፤ አውጥቶ፣ ገልብጦ ያሳያችኋል። የምከፍለው ግማሹ ለዚህ ነው።

ለምን ቢባል፣ ቀንድ አውጣ ብቻውን አይመጣም። ዛጎሉ ላይ ሳይከፍል የተሳፈረ አይጠፋም። አብዛኛው ጉዳት የለውም። ነጭ፣ ጥምዝምዝ ያለች፣ ከነጥብ ብዙም የማትበልጥ ነገር ካያችሁ ስፓይሮርቢድ የሚባል ትል ናት። ውኃ አጣርታ ትበላለች፣ ማንንም አትነካም። አንድ ጓደኛዬ እሷን አይቶ የገዛውን ሁሉ ሊመልስ ተነስቶ ነበር፤ በስንት ልመና አስቀረሁት።

የሚያሳስበው ፒራሚዴሊድ ነው። እሱም ራሱ ቀንድ አውጣ ነው፤ ነጭ፣ ሾጣጣ፣ ቢበዛ የሩዝ ቅንጣት የሚያህል። የትልቁ ዛጎል አፍ ዳር ተሰብስቦ ቀጭን መምጠጫውን ሥጋው ውስጥ ይሰካል። ቀን ይደበቃል። ስለዚህ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ባትሪ አብርታችሁ የዛጎሉን ጠርዝ እዩ። ካገኛችሁ በወረንጦ ልቀሙ፣ ዛጎሉንም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ይህን ሁሉ ከገንዳው ውጪ፣ በጨው ውኃ ነው የምትሠሩት። በቧንቧ ውኃ አትሞክሩት፤ መዳብ ያለበት መድኃኒትም ቀንድ አውጣውን ይገድለዋል።

ቨርሜቲድ የሚባለው ሌላ ቀንድ አውጣ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ቱቦ ሠርቶ ይለጠፋል፤ ከዚያ የልሃጭ ድር እየለቀቀ ኮራሉን ይረብሻል። የቱቦውን አፍ በሱፐር ግሉ ድፍን ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ሐሜቱ። የሱቁ ትልቁ ገንዳ ከኋላው በኩል አይፕቴዢያ ወሮታል። ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ አኔሞን፣ ማለትም አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው፤ ጎረቤቱን ኮራል ይለበልባል፣ ቆርጣችሁ ብትጥሉት ከቁራጩ ይበቅላል። ከዚያ ገንዳ በገዛሁት አንድ ትሮከስ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ቤቴ ገባ። ስነግራቸው «እሱ እኮ የሌለበት ቤት የለም» አሉኝ። ይቅርታ እንኳ የለም! ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ግዛና ይበላልሃል ብለው ሌላ ዕቃ ሊሸጡልኝም ሞከሩ። አይፕቴዢያውን የሚበላ ሽሪምፕ አለ፣ ዞር ብሎ የማያየውም አለ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ከሄዳችሁ በር አጠገብ ካሉት ትንንሾቹ ገንዳዎች ምረጡ፣ ትልቁን ተዉት። ቅዳሜ ግን አትሂዱ፤ ግርግር ስለሆነ ዛጎል ገልብጦ የሚያሳያችሁ አታገኙም።