ለደሴ ብርድ የሚሆን ባለመብራት የአኳሪየም መክደኛ

ሳሎናችን ውስጥ ያለው አኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ፣ ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ከፍታው ደግሞ 36 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ ወደ 65 ሊትር ውሃ ይይዛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት መክደኛ ቀያይሬበታለሁ። ይህን የምጽፈው፣ ደሴ ሆኖ ባለመብራት መክደኛ ለመግዛት የሚያስብ ሰው የመብራቱን ድምቀት ከማየቱ በፊት መክደኛው እንዴት እንደሚገጥምና እንፋሎቱ የት እንደሚያርፍ እንዲያይ ስለምሻ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይከብዳል። እንደ ጉፒ ያሉ የሞቃት አገር ዓሦች ግን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚሞቅ ውሃ ይፈልጋሉ። ውሃ ሲተን ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ፣ ክዳን የሌለው ገንዳ በላዩ በኩል ብዙ ሙቀት ያጣል። እኔ ያለ ክዳን በቆየሁባቸው ወራት በየሳምንቱ ሁለት ጣት ያህል ውሃ እጨምር ነበር፤ ባለ 100 ዋቱ ማሞቂያም ሌሊቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሳያርፍ ያድር ነበር። መብራት በጠፋ ሌሊት ደግሞ ውሃው እስኪነጋ ድረስ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሚወስነው ክዳኑ ነው።

የመጀመሪያው መክደኛ ያገለገለ ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን፣ በውስጡ ባለ 15 ዋት ፍሎረሰንት ነበረው። አዘጋጉ ጥሩ ነበር፤ ማሞቂያው ማረፍ የጀመረው እሱን ከከደንኩ በኋላ ነው። ጉዳቱ የታየኝ በሦስተኛው ወር፣ ለማጽዳት ገልብጬ ስመለከተው ነው። የሞቀው እንፋሎት ከቀዝቃዛው ፕላስቲክ ሥር ጤዛ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ጠብታዎቹ በአምፖሉ ጫፎች ዙሪያ ተሰብስበው የመዳብ ጥርሶቹን አረንጓዴ አድርገዋቸዋል። 220 ቮልት የሚያልፍበት ነገር ከውሃ በላይ አንድ ጋት ላይ እንዲህ ሆኖ ሳየው በዚያው ቀን ነቀልኩት። አምፖሉ በመስታወት ወይም በላስቲክ ቀለበት ካልተከለለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ እንዲህ ያለውን መክደኛ ለማንም አልመክርም።

ሁለተኛውን አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ሱቅ አስመጣሁ። ኤልኢዲ ነው፤ በ12 ቮልት አዳፕተር ይሠራል፣ መብራቱም አይፒ 67 የሚል ምልክት አለው፤ ይህም አቧራ የማያስገባና ለአጭር ጊዜ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ የማይበላሽ ማለት ነው። በመብራቱ ረገድ ቅሬታ የለኝም። ወደ 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚጠጋው ነጭ ብርሃን የቀን ብርሃን ስለሚመስል የዓሦቹን ቀለም በትክክል ያሳያል፣ ተክሎቹንም ያሳድጋል። ሰማያዊው የሌሊት መብራት ለጌጥ ካልሆነ በቀር ጥቅም አላየሁበትም፤ ዓሦችም ጨለማ ያስፈልጋቸዋል። ችግሩ ከኋላ፣ የማጣሪያው ቱቦ እንዲያልፍ የተተወው ክፍተት አራት ጣት ያስገባል። አንድ ጠዋት ከቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ጀርባ የደረቀች ጉፒ አገኘሁ፤ ጭራዋ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። ጉፒ እንደሚዘል ባውቅም ከዚያ ጥግ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ክፍተቱን በስፖንጅ ሸፍኜ ለጥቂት ጊዜ ብጠቀምበትም ስፖንጁ እየራሰ ሽታ አመጣ።

አሁን ያለኝ ሦስተኛው ነው፤ ከተማችን ውስጥ ከአንድ መስታወት ቤት ያስቆረጥኩት ባለ 4 ሚሊ መስታወት ሲሆን፣ በላዩ የሁለተኛውን መክደኛ ኤልኢዲ ፈትቼ አስቀምጬበታለሁ። ልኩን ስሰጣቸው መስታወት ቆራጩ፣ «ልጄ፣ ከውስጥ በኩል ነው የለካሽው?» አሉኝ። «አዎ፣ ጋሼ» ስላቸው፣ «እንግዲያው በየጎኑ ሁለት ሚሊ ልቀንስልሽ፤ ልክ በልክ ከሆነ ይነክሳል፣ ስታነሺው ይሸረፋል» አሉ። ጠርዙንም ሞርደው፣ አንዱን ጥግ ለቱቦውና ለማሞቂያው ገመድ የሚበቃ ያህል ብቻ ቆርጠው ሰጡኝ። ዋጋው ከሁለተኛው መክደኛ ሲሶ አልሞላም። መብራቱ ከመስታወቱ በላይ ስለሆነ እንፋሎት አይነካውም፤ የምጨምረው ውሃም በሳምንት ከግማሽ ጣት አይበልጥም። በየጎኑ የቀረችው ቀጭን ክፍተትም ዓሣ ሳታሳልፍ አየር ታስገባለች።

ሥራ አይጠፋውም። የውሃው ጨው በመስታወቱ ሥር ነጭ እድፍ እየሆነ ስለሚጋግር ብርሃኑን ይቀንሳል፤ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቼ በአቼቶ በራሰ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። መብራቱን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አላበራም፤ ባበዛሁ ቁጥር አልጌው፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ መስታወቱን ያለብሰዋል። የመብራቱ ገመድም ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረግቦ እንዲመለስ አድርጌዋለሁ፤ ጠብታ ቢወርድበት ከርግቡ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ኮምቦልቻ ላሉ ግን ይህንኑ አልመክርም። ከተማዋ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ የምትልና ሞቃት በመሆኗ፣ እዚያ የምትኖረው እህቴ ጎልድፊሾቿን በሙሉ መስታወት ስትከድን በግንቦት ውሃው ከሚገባው በላይ ሞቀባት። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። አሁን በአሉሚኒየም ክፈፍ ላይ የተወጠረ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ከድናበታለች፤ ኤልኢዲውም በገንዳው ጠርዝ ላይ በሚቆም እግር ተይዞ ከወንፊቱ ከፍ ብሎ ይበራል።