ቆስጣ የገባበት ዋፍል፦ ከስምንት ወር በኋላ ስለ ማሽኑ

ትናንት ማታ ትንሹ ልጄ ሊተኛ ሲል «እማ፣ ነገ አረንጓዴው ነው ወይስ ብርቱካኑ?» ብሎ ጠየቀኝ። አረንጓዴ የሚለው ቆስጣ ያለበትን ዋፍል (በሁለት የጋሉ ብረቶች መሃል የሚጋገር ባለ ጉድጓድ ቂጣ) ነው፣ ብርቱካን የሚለው ካሮት ያለበትን። ስም ያወጣላቸው በውስጣቸው በሚታየው ነጥብ ነው። ይህ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። እስከ ጥቅምት ድረስ ቆስጣውን ከወጡ ውስጥ በጣቱ እየለቀመ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ይደረድር ነበር፤ ካሮት ሲያይማ አፉን ይገጥማል። አሁን ራሱ መርጦ ይጠይቀኛል። ስለ ዋፍል መጋገሪያ ማሽኔ ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

የገዛሁት በጥቅምት 2017 ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ የቤት ዕቃ ሱቅ ነው፣ በ3,800 ብር። 750 ዋት ነው፤ በአንዴ ሁለት አራት ማዕዘን ዋፍል ያወጣል፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት አለው፣ ብረቱ ከላዩ አይነቀልም። ሻጩ ልጅ ትሑትና ጨዋ ነበር፣ አልዋሸኝም ለማለትም እፈልጋለሁ። ያለኝ ግን ይህን ነው፦ «እህቴ፣ ዘይት እንኳ አይፈልግም፣ ምንም ነገር አይዝም። ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ወተት፤ በቃ። አረንጓዴው ሲበራ ታወጪዋለሽ።»

እቤት ሳመጣው እናቴ ዞር ዞር አድርጋ አየችውና «ልጄ፣ ምጣድ አለሽ፣ መጥበሻ አለሽ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራልሽ ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ሻጩ እንዳለው ሠራሁ። ወጣ፣ ልጆቹ በሉ፣ ማር አፈሰሱበት። ነጭ ዱቄትና ስኳር ለማብላት ከሆነ ግን ዳቦ ቤቱ ከደጄ ነው፤ 3,800 ብር ማውጣት አያስፈልገኝም ነበር። እኔ የፈለግሁት አትክልት የማይበላውን ልጄን ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሁለት ትልልቅ ካሮት ፈቅፍቄ ካልተነፋ የስንዴ ዱቄት ጋር አደባለቅሁ። ጨመርኩ፣ ከደንኩ፣ አረንጓዴው በራ፣ ከፈትኩ። ዋፍሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹ ላይኛው ብረት ላይ፣ ግማሹ ታችኛው ላይ ቀረ፤ መሃሉ ገና ሊጥ ነው። ብረቱ አይነቀልም ብያለሁ፤ ውሃ ውስጥ መንከር አይቻልም። እስኪበርድ ጠብቄ እያንዳንዷን ጉድጓድ በእንጨት ስንጥር መፋቅ ጀመርኩ። ጉድጓዶቹን የቆጠርኳቸው ያን ቀን ነው። አንዷን ጥግ ላይ ትዕግሥቴ አልቆ በሹካ ጫርኳት፤ ቅቡ እዚያች ቦታ እስከ ዛሬ ተልጧል፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። በሳምንቱ በቆስጣ ሞከርኩ፣ ያው ሆነ። ማሽኑን በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ አወጣሁት። ያን ሰሞን ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ «እንዳትገዙ» ነበር የምለው።

ከዚያ ኅዳር ላይ እንጀራ እየጋገርኩ መብራት ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲመጣ ምጣዱ በርዷል፣ የቀረኝ ሊጥ ደግሞ ለሦስት እንጀራ አይበቃም። ለዚያች ሊጥ ብዬ ያን ሁሉ ምጣድ እንደገና ላግል? ማሽኑ ትዝ አለኝ። ሊጡ ቀጥኖ ስለነበር አንድ እፍኝ ያልተቀመመ የሽምብራ ዱቄት፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት ማንኪያ ዘይትና ትንሽ ጨው ጨመርኩበት። አጠገቤ ለምሳ ቀቅዬ፣ ውሃውን በእጄ ጨምቄ ያስቀመጥኩት ቆስጣ ነበር፤ እሱንም ከትፌ ከተትኩት። ከደንኩና ጎረቤት ተጠርቼ በር ላይ ወሬ ያዝኩ። ስመለስ አረንጓዴው መብራት በርቶ ቆይቷል። እንፋሎቱም ቆሟል። አረረ ብዬ እየደነገጥኩ ስከፍተው ክዳኑ ምንም ሳይዝ ተነሳ። ዋፍሉ ሙሉውን ታችኛው ብረት ላይ ተቀምጧል፣ ጠርዙ ደርቆ ጠይሟል፣ በማንኪያ ጀርባ ስመታው ቋ ቋ ይላል። ልጁ ከጓሮ መጥቶ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አንዱን ጥግ ቆርሶ በላ። ከዚያ ሌላውን ጥግ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካሮት ከክብደቱ 88 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፣ ቆስጣ ከ90 በመቶ በላይ፣ ዝኩኒማ ወደ 95 በመቶ ይጠጋል። ያ ውሃ በእንፋሎት እስኪወጣ ድረስ ዋፍሉ አይደርቅም፤ ካልደረቀ ደግሞ ብረቱን አይለቅም። መብራቱ የሚያውቀው የብረቱን ሙቀት እንጂ የሊጡን አይደለም። ብረቱ ሲግል አረንጓዴ ይበራል፣ ውስጡ ይብሰል አይብሰል መብራቱ ከየት ያውቃል? የሚታመነው እንፋሎቱ ነው። ከክዳኑ ዳር ዳር እየተትጎለጎለ ከሆነ አትንኩት። ሲቀንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ሲቆም ክፈቱ። በእኔ ማሽን ነጭ ዱቄቱ አራት ደቂቃ ሲበቃው የአትክልቱ ሰባት፣ አንዳንዴም ስምንት ይፈጃል። ክዳኑን በኃይል መጎተት ደግሞ የለም፤ እምቢ ካለ አልበሰለም ማለት ነው።

ወንድሜ፣ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ይህን ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ወር ሙሉ ማሽኑ ቁም ሳጥን ላይ ባልተቀመጠ ነበር። «ምንም አይዝም» ስትል ለነጭ ዱቄት እውነትህን ነው። ግን እኔን የመሰለች እናት መጥታ «አትክልት ይሠራል?» ብላ ስትጠይቅህ «ጨምቂው፣ እንፋሎቱን ጠብቂ» በላት፤ ሁለት ቃል ነው። «ዘይት አይፈልግም» ማለቱንም ተወው። ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን (ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ነገር) ሰውነት በደንብ የሚወስደው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው፣ ዋፍሉም ጠርዙ የሚንኮሻኮሸው በዘይቱ ነው። «ፉርኖ ዱቄት» ያልከውን ደግሞ ፈጽሞ አልቀበልህም። ጤፍ ግሉተን (የስንዴን ሊጥ የሚያለጥጠው ፕሮቲን) የለውም፤ እንደ ስንዴ ብዙ ሲያማስሉት ላስቲክ አይሆንም፣ ስለዚህ ውጭው ደርቆ ውስጡ ልል ሆኖ ይወጣል። አንድ ላይ የሚይዘው እንቁላሉ ነው። መቡካቱም ሌላ ጥቅም አለው፦ እህሉ ውስጥ ያለውን አይረን የሚባለውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው የሚያግደውን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ደግሞስ የብራስልሱ ዋፍል ራሱ በጥንቱ አሠራር በእርሾ የሚቦካ አይደለም? እኛ ቤት እርሾ ሞልቶ ሳለ ቤኪንግ ፓውደር ፍለጋ መሄዴ አሁን ይቆጨኛል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። የእንጀራ ሊጥ አብሲት ሳይገባበት፣ ገና ወፍራም እንደሆነ፣ ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ አፍስሼ ሁለት ኩባያ እቀንሳለሁ። አንድ እንቁላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ አንድ ኩባያ አትክልት፤ ኩባያው የሚለካው ከተጨመቀ በኋላ ነው። ኮምጣጣነቱ ለልጆች እንዳይከብድ በመጨረሻ አንድ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጣል ሳደርግበት ወዲያው አረፋ ይነሳል፣ ያኔ ሳልዘገይ ማሽኑ ላይ እጨምረዋለሁ። ቆስጣ ከሆነ በፈላ ውሃ አንድ ደቂቃ አቆይቼ እጨምቀዋለሁ። ካሮትና ዝኩኒ ከሆነ ፈቅፍቄ፣ ጨው ነስንሼ፣ አሥር ደቂቃ ካስቀመጥኩ በኋላ በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ እጠመዝዘዋለሁ። የሚወጣው ውሃ ያስገርማል፣ ከሁለት ዝኩኒ ግማሽ ብርጭቆ ይሞላል። ዱባ ይቀቀልና ይፈጫል፤ እሱ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር የሚባል ነገር ያስረሳል። ቀይ ስር ሞክሬዋለሁ፣ ቀለሙ ያምራል፣ ልጁ ግን አልወደደውም። አልተጫንኩትም።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ጋ ማሽኑን ይዤ የወረድኩበት ቀን ሌላ ነገር አስተማረኝ። ለእሷ ልጆች ባልተነፋ ስንዴ፣ በካሮትና በቤኪንግ ፓውደር ነው የሠራሁት። እኔ ቤት ያው ልክ በጎን ገንፍሎ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ መሃሉ ይሰምጥ ነበር፤ እሷ ቤት ቀጥ ብሎ ወጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ነው። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል፣ ሊጡ ሳይጠነክር ይፈርሳል። አሁን ደሴ ላይ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚለውን ወደ አንድ ከሩብ አወረድኩት፣ ተስተካከለ። ያገር ልጆች፣ ከስልክ ላይ ያገኛችሁትን አሠራር እንዳለ አትቅዱ፤ የሚበዛው ለቆላ አገር የተለካ ነው።

የካቲት ላይ ሁዳዴውና ረመዳኑ በአንድ ሳምንት ገቡ። ማሽኑ በጣም የሠራው ያኔ ነው። እኛ ቤት ለአፍጥር ከሾርባው ጋር ይወጣል፤ ለጎረቤቴ ለእትዬ ደግሞ ያለ እንቁላል ለመሥራት አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ አሥር ደቂቃ አሳርፌ በእንቁላሉ ቦታ አስገባሁ። ይይዛል፣ ግን ጥጎቹ ይሰበራሉ፣ አንድ ደቂቃም ይጨምራል። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ተሰባበረብኝ፣ ግን የጾም ነው፣ ይብሉ» ብዬ ስሰጣቸው «አብሽሪ ልጄ» ብለው ለልጅ ልጃቸውም ይዘው ሄዱ። በማግሥቱ ልጅቱ ሳህኑን ልትመልስ መጥታ ሌላ ካለ ጠየቀችኝ።

ጉድለቱ አለ። ገመዱ አጭር ነው። የክዳኑ ማጠፊያ ካለፈው ወር ጀምሮ ላላ ብሏል። ላዩ ይግላል፣ ትንንሽ ልጅ ያለበት ቤት መጠንቀቅ አለበት። ምጣድ እየሠራ ሳለ በዚያው መስመር ላይ አትሰኩት፣ ቆጣሪውን ይጥለዋል። ብረቱ የሚነቀል ማሽን ካገኛችሁ ደግሞ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ግዙ፤ በስንጥር የፋቀ ሰው ነው የሚነግራችሁ። የእኔን ግን አልሸጥም። እናቴ ራሷ አሁን እንጀራ በምንጋግርበት ቀን ሊጥ ሳይቀነስ አብሲት እንዳልጥል ታስታውሰኛለች።

ለነገ አረንጓዴው ነው ብዬዋለሁ። ቆስጣው ተጨምቆ ሰሃን ላይ ነው። ሊጡን ምድጃው አጠገብ አስጠግቼዋለሁ፣ የደሴ ሌሊት ሰኔም ሆኖ ስለሚቀዘቅዝ እዚያ ካልሆነ በጠዋት አይደርስልኝም።