ዌዝ፦ አቋራጩን ለሁሉም የሚናገር አፕ

ዌዝ ለሹፌር መንገድ የሚያሳይ ጎበዝ አፕ ነው፣ እሱን እንመን። አደጋውን፣ የተዘጋውን መንገድ፣ ፖሊስ የቆመበትን ሳይቀር ሹፌሮች ራሳቸው ስለሚጠቁሙ መረጃው ትኩስ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ከእስራኤሎቹ የገዛው በከንቱ አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ ኡበር ለሚነዳ ሐበሻ ደግሞ ነፃ መሆኑ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚያሳይህን አቋራጭ ለአንተ ብቻ አለመንገሩ ነው። ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ ብዙ ሰው ወደ አንዲት ጠባብ የሰፈር መንገድ ይገባል፣ እሷም ትዘጋለች፣ አፑ ይህን አይቶ የሚቀጥለውን ሹፌር ወደ ዋናው ይመልሳል፣ እንዲህ እያለ መጨናነቁ ቦታ ይቀያየራል እንጂ አይጠፋም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ብራየስ እ.ኤ.አ. በ1968 ከዚህም የባሰ ነገር አሳይቷል፦ ሁሉም ለራሱ የሚፈጥነውን ከመረጠ፣ አዲስ መንገድ መጨመር እንኳ ሁሉንም ሊያዘገይ ይችላል። ጉድ ነው!

ወደ ኒው ዮርክ በሚያሻግረው የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ አጠገብ ያለችው የኒው ጀርሲዋ ከተማ ሊዮኒያ በአቋራጭ ፈላጊ ተማርራ እ.ኤ.አ. በ2018፣ 60 ያህል መንገዶቿን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለነዋሪ ብቻ አደረገች። ምን ታድርግ?

ለአደጋ ማስጠንቀቂያና ለሩቅ መንገድ አራት ኮከብ። ሦስት ደቂቃ ለማትረፍ በሰው ደጅ ለመሽሎክሎክ ግን ሁለት፣ እሱም በዝቶበት።