«አይ አም ዘ ሴንተር»፦ ቢሯችን ውስጥ ወራት የከረመው አልበም

ግጥም ያለው ዘፈን እየሰማሁ የጽሑፍ እርማት መሥራት አልወድም። ጆሮዬ ስንኙን ይከተላል፣ ዓይኔ መስመር ይዘላል። አራት ኪሎ ባለችው ቢሯችን ግን ያለ ሙዚቃም አይሠራም፤ መስኮቱ ሥር ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ይውላል። ስለዚህ ከክረምቱ ጀምሮ የምንከፍተው በአብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ነው። ስሙ «አይ አም ዘ ሴንተር» ነው። ላይት ኢን ዘ አቲክ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ በ2013 ያወጣው የኒው ኤጅ፣ ማለትም ለጸጥታና ለተመስጦ የሚሠራ ሙዚቃ፣ ስብስብ ሲሆን፣ ከ1950 እስከ 1990 ካሉት ዓመታት የተመረጡ 20 ሥራዎች አሉበት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። የቢሮው ሰው ግን በአንድ ድምፅ አልተስማማም፤ የእነሱም ሐሳብ መሰማት አለበት።

ኒው ኤጅ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣበት የማሳጅ ቤት ሙዚቃ ነው። የወፍ ድምፅ፣ የሚወርድ ውሃ፣ ማለቂያ የሌለው ኪቦርድ። ይሄኛው ሌላ ነው። እዚህ ያሉት ሙዚቀኞች አብዛኞቹ የትልልቅ አሳታሚዎችን ደጅ አልጠኑም። በራሳቸው ወጪ ቀዱ፣ ሸክላና ካሴት አሳተሙ፣ ራሳቸው አዞሩ። የዘርፉ ፈር ቀዳጆች ከሚባሉት መካከል ስቲቨን ሃልፐርን እና ያሶስ የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን ያወጡት በ1975 ነው። ሁለቱም እዚህ ውስጥ አሉ።

መጀመሪያ ላይ የሚመጣው የጌይል ላውተን ሃርፕ ነው። የ1982ቱን «ብሌድ ራነር» ፊልም ያየ ሰው ዜማውን ያውቀዋል። አንዱ ክር ተነክቶ ድምፁ ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከታች ይመጣል። ጠዋት ኮምፒውተር ተከፍቶ ገጾቹ እስኪደረደሩ ድረስ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ላራጂ የሚባለው ሙዚቀኛ ደግሞ ዚተር ይጫወታል። ዚተር ጠፍጣፋ ሣጥን ላይ ብዙ ክር የተወጠረበት መሣሪያ ነው፤ እሱ በኤሌክትሪክ አድርጎ ያስጮኸዋል። ኒው ዮርክ ዋሽንግተን ስኩዌር ፓርክ ውስጥ ሲጫወት እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ ሰምቶት ማስታወሻ ጥሎለት ሄደ፤ በ1980 አብረው አልበም አወጡ። የክሩ ድምፅ ቢሯችንን ለሁለት የከፈለው እዚህ ጋ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አርታኢያችን ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡና፣ «ክሩስ ደስ ይላል። ግን ምን ይላል?» አሉ። እሳቸው የበገና ሰው ናቸው። በገና አሥር አውታር አለው፤ ክሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ዕንዚራው፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ይሰጠዋል፤ ግን ዋናው ቃሉ ነው። «ቃሉን ካወጣኸው የሚጸለይበት ምን ይቀራል?» ይላሉ ጋሼ። ስለ በገና ያሉት ልክ ነው፣ አልከራከራቸውም። እኔ ግን ላራጂን የምሰማው ቃል ስለሌለው ነው። የሌላ ሰው ቃል ፊቴ ተዘርግቶ እየታረመ ሌላ ቃል በጆሮዬ እንዲገባ አልፈልግም።

ገጽ የምታቀናጀው እህታችን ያነሳችው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። «ይሄ የማን ጸሎት ነው?» አለችኝ። አጥብቃ ጠይቃ ነው፣ መልስም ይገባታል። ዘርፉ ከህንድ መንፈሳዊ ትምህርቶች ብዙ ወስዷል፤ የሃልፐርን ሥራ ርዕሱ ላይ ራሱ «ቻክራ» የሚል አለበት፤ በዚያ ትምህርት በሰው ሰውነት ውስጥ አለ የሚባል የኃይል ማዕከል ነው። ዝም ብሎ የሚያዝናና ድምፅ ነው ብሎ መሸፋፈን ሙዚቀኞቹንም እሷንም መናቅ ነው። እሷ ባለችበት እነዚያን አልከፍትም። የቀረውን ትሰማለች፤ ሃርፑን እንዲያውም ትወደዋለች።

ከሁሉ ያስደነቀኝ አስተያየት የመጣው ቡና ከምታመጣልን ልጅ ነው። ፒያኖው ሲጀምር ስኒዎቹን እያስቀመጠች «እማሆይ ናቸው አይደል?» አለች። አይደሉም። ቶማስ ደ ሃርትማን የሚባል ዩክሬን የተወለደ ፒያኒስት ነው፤ ጉርጂየፍ ከሚባል መንፈሳዊ አስተማሪ ጋር ሆኖ ብዙ ዜማ ደርሷል። ጆሮዋ ግን አልሳተም። ያ ቀስ ያለ፣ ለሕዝብ ሳይሆን ለራስ የሚመታ የሚመስል አጨዋወት በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም አለ። ታሪካቸውም ይቀራረባል። እማሆይ በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ ያሳተሙት ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ብለው ነው። የውጭው ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን በ2006 ኢትዮጲክስ በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ስብስብ 21ኛ ቅጽ ነው። ትንሽ ኅትመት፣ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ የሚሰበስብ ሰው መጣ። የዚህ አልበም ሙዚቀኞችም ብዙዎቹ ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን አልበሞች አከታትዬ ነው የምከፍታቸው፤ እሷም ስኒ ለመሰብሰብ ስትመጣ ትንሽ ትቆያለች።

የማልወደው ነገርም አለ። አንዳንዱ ሲንተሳይዘር ቀዝቃዛ ነው፤ አንድ ድምፅ ይዞ ይዘረጋል፣ ይዘረጋል፣ የትም አይደርስም። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ያመጣል። የድሮ ቅጂ ስለሆነም አንዳንዱ ላይ የቴፕ ሹክሹክታ ይሰማል። ስፒከሩ ተበላሽቷል ብሎ ገመዱን የነካካ ባልደረባ ነበረን። እኔን አይረብሸኝም፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀዳው መሆኑን ያሳያል።

ታክሲ ውስጥ አትሞክሩት። ዝቅ ያለው ክፍል በሞተሩ ይዋጣል፣ ድምፁን ስትጨምሩት ቀጥሎ ያለው ጆሮ ይወጋል። በትንሽ የጠረጴዛ ስፒከር፣ ዝቅ ተደርጎ፣ ክፍል ውስጥ ነው የሚያምረው። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ይበቃዋል፤ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሙዚቃ አይደለም።

ከዚህ ሆኖ መግዛቱ ያስቸግራል፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይጠይቃል። እኔ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ገዝታ ፋይሉን ላከችልኝ። እናንተም የሚገዛላችሁ ሰው ካገኛችሁ የተጨመቀውን ኤምፒ3 ሳይሆን ከድምፁ ምንም ያልተቀነሰበትን ፋይል፣ ፍላኩን፣ ይላክላችሁ። ዳታ ይበላል፣ ግን የሃርፑ ክር ሲጠፋ እስከ መጨረሻው የሚሰማው በሱ ነው።